ከራስጌ የተንጠለጠለው ፌስታል

አክስቴ የሚኖሩት ጎንደር፣ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ‹‹ጥልያን በወጣ ማግስት ተወለድኩ›› ብለው ይቆጥራሉ፤ ደስ ያላቸው ቀን ደግሞ ሁለት ሦስት ዓመት ይቀንሱለታል። ከአልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አለ። ምስማሩ የመድኃኔ ዓለምን ሥዕልና አንድ ጥቁር ፌስታል ተሸክሟል። ከላይ መድኃኔ ዓለም፣ ከታች የዓለም መድኃኒት።

አንድ ቀን ፌስታሉን አውርጄ ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ነው። የግፊቱ አለ፣ የስኳሩ አለ፤ ይህ የታወቀ ነው። የቀረው ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው። ለወገባቸው የተገዛ ዲክሎፌናክ። ሟቹ ባለቤታቸው ሳይጨርሱት ያለፉት ፉሮሴማይድ (‹‹እንዴት ይጣላል? በገንዘብ የተገዛ!››)። ግማሽ ብልቃጥ የሳል ሽሮፕ። ለልጅ ልጃቸው ጉሮሮ ታዝዞ፣ ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የተረፈ አሞክሳሲሊን። ከቨርጂኒያ የመጣ የዓሣ ዘይት፣ ከቨርጂኒያ የመጣ የመገጣጠሚያ ኪኒን፣ ከቨርጂኒያ የመጣ ‹‹ለሁሉም የሚሆን›› ቫይታሚን። በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር አዝሙድ። በመጨረሻም ስሙም ማዘዣውም የጠፋ፣ አክስቴ ግን ‹‹እሱማ ለልቤ ነው›› የሚሉት አንድ ቢጫ ኪኒን።

ሰሞኑን ያስቸገራቸው ሳል ነው። ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ሌሊት የሚብስ ሳል። ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንደር ውስጥ ዓመት ያሳለ ሰው ዓመት ሙሉ ጠያቂ አለው፤ ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ምክር ይዞ ይመጣል፣ የባሰበት ደግሞ ኪኒን ይዞ ይመጣል።

‹‹አሁንም አልተወዎትም እንዴ?››

‹‹አይ እቴ! ሌሊቱን ሙሉ ነው።››

‹‹እንዲያው የኔው ሰውዬ የዳነው በዚህችኛዋ ነው›› ይሉና ጎረቤቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈታሉ። የተቋጠረው ሳንቲም መስሏችሁ ነበር። ሁለት ኪኒን ነው። አክስቴ መርቀው ይቀበላሉ፤ ሃያኛው ዓይነት ወደ ፌስታሉ ይገባል። ጎረቤቲቱ የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ልዩ ሐኪም ናቸው፤ እርግጠኝነታቸውን ላየ ሰው ልዩ ሐኪሙም አይደርስባቸውም።

ለጎንደር ሰው ስለ አረጋውያን መንከባከቢያ ብታወሩት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ‹‹ልጅ የለውም እንዴ?›› ብሎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተውን መቄዶንያን ሁላችንም እናከብራለን። ከጎዳና ለሚያነሳቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ገንዘብ ሲዋጣ እናዋጣለን፤ ‹‹ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው›› የሚለውን መፈክሩንም በቃላችን እንይዛለን። የራስን እናት እዚያ መውሰድ ግን? ‹‹እናቱን ጣለ›› የሚል ስም ሰባት ትውልድ ይከተላል። ስለዚህ እኛ ጋ መንከባከቢያው እያንዳንዱ ቤት ነው፤ ሠራተኛውም ሙሉ ነው። ታላቅ ልጅ ዳይሬክተር ነው፤ በሳምንት አንዴ ይመጣና ይቆጣል። የልጅ ልጅ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ስልኳን እየነካካች ታድራለች። ጎረቤት አማካሪ ሐኪም ነው፣ የንስሐ አባት መንፈሱን ይይዛሉ፣ እድር የመጨረሻውን ጉዳይ በጥሞና ይጠብቃል። የቨርጂኒያዋ ልጅ ደግሞ በቪዲዮ እየደወለች ‹‹ምላስሽን አሳዪኝ እማዬ›› ትላለች። እንዲህ ያለ የተሟላ ቡድን ባለበት ቤት የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ መድኃኒት የተማረው።

የመድኃኒት አዋቂ ለጎንደር አዲስ ሆኖባት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1699 ታላቁ ኢያሱ የቆዳ ሕመም ሲያስቸግራቸው ካይሮ ድረስ ልከው ቻርልስ ፖንሴ የሚባል መድኃኒት የሚቀምምና የሚያክም ፈረንሳዊ አስመጥተዋል። ሰውየው በሰናር በረሃ አቋርጦ እዚህ ለመድረስ ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ አገልጋይ መስሎ አብሮት የተነሣው ቄስ እንኳን መንገድ ላይ ሞቶበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ አንድ ሕመም ይህን ሁሉ ደከሙ። ከአክስቴ ደጅ እስከ ቅርቡ ፋርማሲ ድረስ ያለው መንገድ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ውስጡም አምስት ዓመት መድኃኒት ያጠናች ልጅ ቁጭ ብላለች። እንደዚያ የቀረበችን ልጅ ምን ብለን እንጠይቃታለን?

‹‹ስንት ነው?››

‹‹መቶ ሰማንያ ብር።››

‹‹የውጭ ነው?››

‹‹የህንድ ነው።››

‹‹የውጭ የለሽም?››

ህንድ ከመቼ ወዲህ አገር ውስጥ እንደገባች የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ጭውውት ስለ መልስ ነው፤ ዝርዝር አለ፣ የለም። ልጅቱ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ስለመውሰድ ልትናገር አፏን ስትከፍት ገዢው በሩ ላይ ደርሷል። እሱ የሄደው ባንኮኒ ዘንድ ነው እንጂ ምክር ዘንድ አይደለም። ምክርማ ቤቱ ሞልቷል።

ይህች ከተማ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አጥታ እንዳይመስላችሁ። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከሐኪምና ከነርስ ጋር ፋርማሲስትም ያስመርቃል። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የፋርማሲ ትምህርት ከመደርደሪያ ወደ በሽተኛው አልጋ እንዲጠጋ ተደርጓል። ሐኪሞች ተኝቶ ታካሚ ለመጎብኘት ሲዞሩ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚከተል ‹‹ክሊኒካል ፋርማሲስት›› የሚባል ሰው መጥቷል። ራውንድ ያየ ሰው ሰልፉን ያውቀዋል። ፊት ሲኒየሩ፣ ቀጥሎ ሬዚደንቱ፣ ቀጥሎ ኢንተርኖቹ፣ ነርሷ፤ ከሁሉም በኋላ፣ ሙሽራ ሊያመጣ ሄዶ ዘመዶቹ እንደጠፉት ሚዜ፣ ፋርማሲስቱ። ‹‹ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር አይስማማም›› ሲል አንዳንዱ እንደ ስህተት ፈላጊ ያየዋል፣ አንዳንዱ ያመሰግነዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚያመሰግኑት እየበዙ ነው። ጣጣው በሽተኛው ከሆስፒታሉ ደጅ በወጣ ቀን ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ፋርማሲስቱ ይቀራል፤ ቤት ሲደርስ ጎረቤት ይረከበዋል።

አክስቴ የሚያውቁት በቀለም ነው። ‹‹ቀይዋን ጠዋት፣ ነጯን ማታ።›› ፊደል ያልቆጠረ ሰው በቀለም መያዙ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኔም የማሽከረክራትን መኪና ከቀለሟ በቀር በውል አላውቃትም። ችግሩ አምራቹ ይህን ውል አለመፈረሙ ነው። መንገድ በተዘጋ ሰሞን የተለመደችው ቀይ ታጣለች፤ ያንኑ መድኃኒት የሠራው ሌላ ፋብሪካ ደግሞ ነጭ አድርጎ ይልካል። አክስቴ እጅ ሁለት ነጭ ገባ። እሳቸውም እንደ አዋቂ ሰው አሰቡበትና ወሰኑ። አዲሷ ነጭ ከአሮጌዋ ነጭ ጋር ማታ ትወሰዳለች፤ ከድሮዋ ቀይ የተረፉት ደግሞ ጠዋት ይቀጥላሉ። በዚህ ስሌት አንዱን የግፊት መድኃኒት በሁለት መልክ ለሦስት ሳምንት ዋጡት። ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልም ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ‹‹እርጅና ነው›› ብሎ ፈረደ። እርጅና ጠበቃ የለውም፤ የተከሰሰበት ሁሉ ይጸናበታል።

ስለ ዐቢይ ጾም ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ግን አላስቻለኝም። 55 ቀን ነው። የንስሐ አባታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ‹‹ስኳር አለብዎ፣ አርጅተዋል፣ ይብሉ›› ብለው ፈትተዋቸዋል። አክስቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ አልበሉም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሕመሙንም ለማክበር ሲሉ መላ አገኙለት፤ የስኳር ኪኒናቸውን፣ ግሊቤንክላማይዷን፣ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጧታል። ‹‹ኪኒን እህል አይደለም›› ይላሉ። የዓሣ ዘይቱን ግን ጾም ሲገባ ያቋርጡታል፤ ዓሣ ነዋ! እንግዲህ ግሊቤንክላማይድ ማለት ብትበሉም ባትበሉም ጣፊያ ጎን ያለችውን ዕጢ ኢንሱሊን አምጪ እያለች የምትጨቀጭቅ ኪኒን ናት፤ ለአዛውንት ደግሞ ከደም ቶሎ አትወጣም። አምስት ሰዓት ላይ አክስቴ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ የማይገናኝ ነገር ይናገራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጎንደር ወራት ተቀምጦ የዛርን ነገር ሲጽፍ ነበር። ያን ዕለት አክስቴ ቤት ቢገኝ ደብተሩን መምዘዙ አይቀርም። የነበርነውም ከሱ አልተሻልንም። አንዷ ‹‹ዓይን ነው›› አለች፣ አንዷ ጤና አዳም ፍለጋ ሮጠች፣ ታላቅ ልጅ በስልክ ተቆጣ። ያዳናቸው ነገሩን ያወቀ ሰው አልነበረም። አንድ ሕፃን ልጅ ለራሱ ያዘጋጀውን ስኳር የበዛበት ሻይ ‹‹እማማ እንኩ›› ብሎ ሰጣቸው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ቁጭ ብለው የሁላችንንም ስም እየጠሩ ይሰድቡን ጀመር።

የቨርጂኒያዋ ልጃቸው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ መድኃኒት የምታድል ረዳት ናት። እዚያ አገር ለታመሙ አረጋውያን መንከባከቢያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ የፌዴራል ደንብ የያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት ፋርማሲስት በየወሩ ማየት አለበት። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። አንድ አዛውንት ራሳቸውን አሟቸው አንዲት አስፒሪን ቢለምኗት ከዝርዝሩ ላይ ከሌለ አትሰጥም፤ ፈቃዷ ይነጠቃል። ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ግን ወደ ትልቁ መደብር ትነዳለች፣ የሁለት መቶ ፍሬ ጠርሙስ ሦስት ትገዛለች፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ትፈልጋለች። ‹‹እማዬ፣ በቀን ሁለት ሁለት ዋጪ፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግም።›› ለማታውቃቸው ነጭ አሮጊት ሕግ አላት፤ ለእናቷ ሻንጣ።

ነጮቹ ጋ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ ውስጥ 55 መንከባከቢያ ቤቶች ገብተው የ256 አረጋውያንን መድኃኒት የመረመሩ ሰዎች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ላይ ቢያንስ አንድ ስህተት አግኝተዋል፤ ማዘዝ፣ መስጠት፣ መከታተል ላይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላ የዩናይትድ ኪንግደም ጥናት ደግሞ ማዘዝ የሚችል ፋርማሲስት በየቤቱ መድቦ ሲያይ፣ የሚያፈዙና የሚያደናግሩ መድኃኒቶች ሸክም ቀነሰ፤ የአረጋውያኑ መውደቅ ግን አልቀነሰም። ፋርማሲስት መልአክ አይደለም፤ ምንጣፍና ደረጃም ሰው ይጥላሉ። የሚገርመው ያ ሁሉ መዝገብ፣ ያ ሁሉ ፊርማ ባለበት እንዲህ ከሆነ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ፌስታልማ እንዴት ይሆን የሚለው ነው።

ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ስትወጡ ፌስታሉ ይቀላል፤ ነገሩ ግን አይቀልም። ደባርቅ ላይ ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነው፤ መብራት የሌለው ቤት ኢንሱሊን በማሰሮ ሸፍኖ ቢያስቀምጥ ማንም አይስቅበትም፣ ብልሃት ነው። ከጃናሞራ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ለአንድ ወር የተሰጠውን ኪኒን ይዞ ሲመለስ ግን ኪኒኑ የሱ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ጎረቤቱም ‹‹ግፊት›› ተብሏል፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ስለዚህ አምስት ፍሬ ያበድረዋል። አዎ፣ ብድር ነው። ጨው፣ እርሾ፣ በሬ እንደሚበደሩት። ተበዳሪው ሲታዘዝለት ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ለራሱ የታዘዘለትን ሌላ መድኃኒት ነው፣ ‹‹ኪኒን በኪኒን›› ብሎ። ልባዊ ደግነት ነው፤ ለዚህ ነው ለመቆጣት የሚያስቸግረው። የጎንደር ሐኪሞች ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው ነርሶች እንዲይዙት ማድረጋቸው እንዲህ ያለውን መንገድ ለማሳጠር ነበር። መልካም ሥራ ነው። መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ ማን ማን እንደተበደረው የሚጠይቅ ግን ገና አልወረደም።

አማራ ክልል ለመድኃኒት ሒሳብ ሰነፍ አይደለም እኮ! እ.ኤ.አ. በ2011 ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ የተጀመረው፣ እያንዳንዱ የመድኃኒት ግብይት ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራር ከዚያ ተነስቶ ነው ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የተዛመተው። ዛሬ አሠራሩ በገባበት ሆስፒታል አንዲት ኪኒን ከመጋዘን ወጥታ ከመስኮቱ እስክታልፍ ድረስ ሒሳቧ ይታወቃል። መስኮቱን ካለፈች በኋላ ነጠላ ጫፍ ላይ ትቋጠራለች።

የአክስቴ ፌስታል ከምስማሩ የወረደው በአጋጣሚ ነው። የሌሊት ተረኛዋ የልጅ ልጅ ሽሮፕ እንድታመጣ ተላከች። ስሙን ረሳች። ስም ከምጠይቅ ብላ ሙሉውን ፌስታል አንጠልጥላ ሄደች። ሦስት መቶ እርምጃ። ገዢ ያልነበረበት ሰዓት ሆነና የፋርማሲዋ ልጅ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ቀጥላም ‹‹ማን ነው የሚወስደው?›› ብላ ጠየቀች። ‹‹አያቴ።›› ‹‹ሁሉንም?›› ‹‹አዎ።›› ‹‹ሳሉ የጀመራቸው መቼ ነው?››

ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀም ነበር። ሁላችንም ለሳሉ ምን እንደሚሻል እንጂ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅንም። ሲቆጠር፣ ሳሉ የጀመረው የግፊት መድኃኒታቸው ኢናላፕሪል በሆነ በሁለተኛው ወር ነው። ኢናላፕሪል ከሚወስዱት ሰዎች ጥቂቶቹን እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያስላል፤ የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እኛ ለሳሉ ሽሮፕ ገዛን፤ ሽሮፑ ስኳር ነው፣ ስኳራቸው ወጣ። አሞክሳሲሊን ጨመርን፣ ሆዳቸው ተበላሸ። ለወገባቸው የሚውጡት ዲክሎፌናክ ደግሞ ግፊቱን እየመለሰ ይሰቅለዋል፤ ከኢናላፕሪሉና ከሟቹ ፉሮሴማይድ ጋር ሲሆን ለኩላሊት የሚያሰጋ ነገር ነው። ለአንድ ሳል ዓመት ሙሉ አገር ስንጠራ፣ ሳሉን ጠዋት ጠዋት በውኃ የምናስውጣቸው እኛው ነበርን።

ልጅቱ በራሷ ሥልጣን የታዘዘ መድኃኒት አልቀየረችም፤ አትችልምም። የሁሉንም ስም በአንድ ወረቀት ጻፈች፣ ሦስት መስመር አከለችበት፣ ‹‹ነገ ለሐኪማቸው አሳዩት፣ የጾሙንም ንገሩት›› አለች። ሐኪሙ አነበበ፣ ኢናላፕሪሉን በሌላ ለወጠው፣ የስኳሯንም ኪኒን አስተካከለ። ከዚያ ሁሉ ዓይነት የቀሩት አራት ናቸው። ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ።

አክስቴ አመሰገኑ እንዳትሉኝ። ‹‹ያቺ ልጅ መድኃኒቴን ቀማችኝ›› እያሉ ለጠያቂ ሁሉ ይከሳሉ፤ ጠያቂውም አብሮ ከንፈሩን ይመጣል። ቨርጂኒያ ደውላ ‹‹ቫይታሚኑን ማን አስጣለው?›› ብላ አኩርፋለች። ጎረቤቲቱ ሳሉ የተወው በሳቸው ሁለት ኪኒን እንደሆነ ያምናሉ፤ የሰፈሩም እምነት ይኸው ነው። ‹‹ለልቤ ነው›› የተባለችው ቢጫ ኪኒን ከፌስታሉ ጠፍታለች፤ ከትራሱ ሥር እንዳለች እጠረጥራለሁ፣ ግን አልፈተሽኩም።

እናንተ በዚህ ሳምንት እናታችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካኑን ተዉት። ራስጌያቸው ያለውን ፌስታል አውርዱና፣ ትራሱን ጭምር ፈትሻችሁ፣ ሁሉንም ይዛችሁ ቅርባችሁ ወዳለው ፋርማሲ ሂዱ። ገዢ ሳይበዛ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጥሩ ነው። ዋጋ አትጠይቁ።